በአሥር ብቻ እንሸነፍ

የሮንድ ተራዬ ነበር፤ ኅዳር 2014፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ሁለት ሳምንት አልሞላውም፤ የብሎካችን ወንዶች በየሌሊቱ ተራ እየገባን ግቢውን እንዞራለን። የደረሰኝ ከሻምበል ጋር ነው። ጡረታ ከወጡ ስንት ዘመናቸው፣ ጋቢያቸውን ግን ዛሬም እንደ ካፖርት ነው የሚደርቡት። ከፍጥነት መንገዱ ወዲያ ጅብ ይጮሃል። ስልኬን ከጃኬቴ ሥር ከፈት አድርጌ ውጤት አየሁ። ዳርትማውዝ 69፣ ጆርጅታውን 60።

«ምነው? ክፉ ወሬ ነው እንዴ?» አሉኝ ሻምበል ፊቴን አይተው።

«አይ ሻምበል፣ ኳስ ነው። 69 ለ 60 ተሸነፍን።»

«ስልሳ ስንት?» ባትሪያቸውን ፊቴ ላይ አበሩብኝ። «በረኛ የላችሁም?»

ቅርጫት ኳስ መሆኑን ለማስረዳት አንድ ዙር ሙሉ ፈጀብኝ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቡድን መሆኑን ደግሞ ጭራሽ አልነገርኳቸውም። የብሎኩ ሰው ግማሹ አርሰናል፣ ግማሹ ማንቼ ነው፤ ጆርጅታውን ብሎ ደጋፊ እኔ ብቻ ነኝ።

ነገሩ የጋሼ ጣጣ ነው። ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ዲቪ ደርሶት ዋሽንግተን ከገባ ጀምሮ ታክሲ ይነዳል። ጨዋታ ባለበት ምሽት ቻይናታውን ካለው ካፒታል ዋን አሬና ሰው ሲያመላልስ፣ ከተሳፋሪ አፍ የለቃቀመውን ታሪክ በስልክ ለኔ ያራግፋል። በ1984 እ.ኤ.አ. ሂዩስተንን 84 ለ 75 አሸንፈው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ዋንጫ መብላታቸውን፣ አሰልጣኙ ጆን ቶምፕሰን ያንን ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ መሆኑን፣ ከዚያ በፊት በ1982 በማይክል ጆርዳን ኳስ በአንድ ነጥብ መቃጠላቸውን የነገረኝ እሱ ነው። ከጆርጅታውን ወጥቶ ኤንቢኤ የነገሠውን አለን አይቨርሰንንማ ማን ይነግረኛል፤ በኔ ዕድሜ ወወክማ ሜዳ ላይ ኳስ ያነጠረ ሁሉ ጸጉሩን እንደሱ ሹሩባ መሠራት አምሮት እናቱ ከልክላዋለች። ቀጥሎ ጋሼ ግራጫ ሹራብ ላከልኝ፣ ደረቱ ላይ በሰማያዊ ጆርጅታውን የሚል። በዚያው ገባሁበት።

ያሳበደን ግን ያ መጋቢት ነው። የ2021 እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው። ፓትሪክ ዩዊንግ፣ የ1984ቱ ጀግና፣ 2 ሜትር ከ13 የሚረዝመው ሰውዬ፣ ያኔ አሰልጣኝ ሆኖ ተመልሶ ነበር። ቢግ ኢስት በሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ምድባችን ውድድር ስምንተኛ ተብለው ገብተው በአራት ቀን አራት ጨዋታ አሸነፉ፤ በፍጻሜው ክሬይተንን 73 ለ 48 ቀጠቀጡ። ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። ለኒውዮርክ ኒክስ ሲጫወት የለበሰው የዩዊንግ 33 ቁጥር ማሊያ ጣሪያው ላይ ተሰቅሏል፣ ባለቤቱን ግን የበር ጥበቃዎቹ መግቢያ ካርድ እያሉ አስቸገሩት። እሱም ለጋዜጠኞች ምሬቱን አሰማ። (እኛ ብሎክ ቢሆን ሻምበልም አያስገቡትም ነበር።) ወዲያው በትልቁ፣ በአገር አቀፉ ውድድር የመጀመሪያ ዙር ኮሎራዶ 96 ለ 73 ሸኘን፤ ግድ አልሰጠንም። ጋሼ «ከርሞ ነው የኛ ጊዜ» አለ፤ እኔም ከርሞን መጠበቅ ጀመርኩ።

ከርሞ ሲደርስ ቡድኑ ሌላ ነው። የኮሌጅ ቡድን እንደ ክለብ አይደለም፤ ልጆቹ ይመረቃሉ፣ ይሄዳሉ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ደግሞ ተጫዋች አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ቢቀይር ዓመት ተቀጥቶ መቀመጡ ቀረለት። ግዙፉ ተጫዋቻችን ቁዱስ ዋሃብ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እንግዲህ እኔን ሻምበል ፊት ያዋረደኝ ዳርትማውዝ፣ ባለፈው ዓመት በኮሮና ምክንያት አንድም ጨዋታ ያላደረገ ቡድን ነው። ያውም በሜዳችን።

በዋሽንግተን ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ እዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የሚያሳይ ቻናል የለኝም፤ ጋሼ ሥራ በሌለው ቀን በቪዲዮ ይደውልና ስልኩን ወደ ቴሌቪዥኑ ያዞርልኛል። ከማየው ግማሹ የሱ አውራ ጣት ነው። የቀረው ግማሽ የሳሎኑ መብራት ነጸብራቅ ሆኖ ከመሃል ግራጫ ነገሮች ወዲህ ወዲያ ይላሉ። ኔትወርኩ ሲያዝ ኳሷ አየር ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች፤ ድምፁ ግን ይመጣል፣ ጋሼ «ውይ!» ሲል። ከዚያ «ውይ» ውስጥ ገባች አልገባችምን መለየት ለምጃለሁ። አጭሩ «ውይ» ሳተች ነው። ረጅሙ «ውይ» እነሱ አገቡ ነው።

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ የጥንት ጠላታችንን ሲራክዩስን 79 ለ 75 አሸነፍን፤ ሹራቤን ለብሼ ሥራ ገባሁ። ሃዋርድንም ጨመርን። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ አላሸነፍንም። 21 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፍን። በቢግ ኢስት 19 ተጫውተን 19ኙንም።

ድርድሩ የተጀመረው ያኔ ነው። እስከ ገና «አንድ ሁለት እናሸንፍና እንነሳለን» ነበር። ጥምቀት ሲያልፍ «አንዷን ብቻ» ሆነ። ጥር ሲያልቅ ማሸነፍ የሚባለውን ትተን ልዩነቱን መቁጠር ጀመርን። «በአሥር ብቻ እንሸነፍ» አለ ጋሼ አንድ ሌሊት፤ እንደ ስለት ነው ያላት። ሕግ አወጣን፦ ከአሥር በታች ከተሸነፍን አቻ እንደወጣን ይቆጠራል። ከአሥር እስከ ሃያ ያለው ሽንፈት ነው። ከሃያ በላይ ከሆነ ስልክ አይደወልም፣ ለቅሶ ነው፣ እያንዳንዱ በየቤቱ ይቀመጣል። በዚያ ሕግ ስንቱን «አቻ» እየወጣን እፎይ ብዬ እንደተኛሁ።

ባለቤቴ «ታዲያ ለምን ትነሳለህ?» ትለኛለች። መልስ የለኝም። እሷም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሌሊት ተነስታ ቧንቧውን ከፍታ ጆሮዋን ትደቅናለች፤ እኔ ለምን ብያት አላውቅም።

የማፍርበትን ልናገር። አልፎ አልፎ በመጀመሪያው 20 ደቂቃ ሲመሩ ደስ አይለኝም ነበር። ይከፋኛል። መሸነፉን ተቀብዬ፣ ልዩነቱን ገምቼ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ በሰላም ተቀምጬ ሳለ ተስፋ ደግሞ መጥቶ ልቤን ያንኳኳል። «ተዉኝ እንጂ!» ማለት ያምረኛል። በዓመቱ፣ ጥር 2015 ላይ፣ ዲፖልን 81 ለ 76 ሲያሸንፉና በቢግ ኢስት መደበኛ ጨዋታ 29 የደረሰው የሽንፈት ሰንሰለት ሲበጠስ የት ነበርኩ? ተኝቼ። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው ያየሁት፤ ጋሼ ሰባት ጊዜ ደውሏል።

ታክሲ ካልኩ አይቀር፣ የሽንፈቱ ሰሞን አንድ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ አንድ ወያላ የኔን ሹራብ ለብሶ አየሁ። ያው ግራጫ፣ ያው ጽሑፍ፤ የእጅጌው ጫፍ ብቻ ብር በመቁጠር ብዛት ጠቁሯል። ወገን ያገኘሁ መሰለኝ።

«አንተም ደጋፊ ነህ?»

«የምን ደጋፊ? ሰልባጅ ነው። ቃሊቲ! ቃሊቲ አንድ ሰው! ትገባለህ አትገባም?»

ገባሁ።

የዚያ የሽንፈት ዓመት የመጨረሻዋ ጨዋታ መጋቢት 1 ቀን 2014 ሊነጋጋ ሲል ነበረች፤ ልደታ ናት፣ ሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። ያው ኒውዮርክ፣ ያው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ ዋንጫ ከበላን ልክ በዓመቱ። ተጋጣሚ ሲተን ሆል። የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ጸሎቱን ሲያሰማ ኔትወርኩ ለሁለቱም አልበቃ ያለ ይመስል ምስሉ ጠፋ፤ የቀረኝ የጋሼ «ውይ» ብቻ ነው። አጭር። አጭር። ረጅም። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ ጽሑፍ ገባ፦ 57 ለ 53።

«አራት!» ብዬ ጮህኩ።

ባለቤቴ ብርድ ልብሱን ገልጣ «አሸነፋችሁ?» አለች።

«በአራት ብቻ ተሸነፍን!»

ትንሽ አየችኝ። «እንኳን ደስ አላችሁ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ለካ ውሃ መጥቶ ኖሯል። ሁለት ጀሪካን ይዤ ወደ ግቢው ቧንቧ ስወርድ ሻምበል ቀድመውኝ ተሰልፈዋል። ፊቴን ሲያዩ ገባቸው።

«ዛሬስ?»

«57 ለ 53፣ ሻምበል። ተሸነፍን።»

ጣታቸውን አጥፈው ዘርግተው አሰቡ። «ባለፈው 69 አልነበር ያስገቡባችሁ?»

«ነበር።»

«ተከላካያችሁ ተሻሽሏል» አሉና ጀሪካናቸውን ወደ ቧንቧው አስጠጉ።