«ለስላሳ ቺዝ ትበያለሽ?»

አምስተኛ ወሬን ይዤ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ የሽንኩርት ቁሌት በሸተተኝ ቁጥር ወደ መታጠቢያ ቤት ስሮጥ ከርሜ፣ አንድ ሌሊት ብንን ስል አይብ አማረኝ። የሱቅ ሳይሆን፣ ኮሰረት የሸተተው፣ ጎመን ላይ ጣል የሚደረገው። ያውም በዐቢይ ጾም! እማዬ በስልክ «ነፍሰ ጡር ምን ጾም አላት? ብይ፣ አምሮት አይታለፍም» አለችኝና ተገላገልኩ።

ባለቤቴ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ የላቲኖች ሱቅ ኬሶ ፍሬስኮ የሚሉትን ይዞ መጣ። ነጭ ነው፣ ይፈረፈራል፣ ግን ጨው ጨው ይላል። አንዴ ጎርሼ ተውኩት። ይህን የሰሙ ጎረቤቴ እትዬ አንድ ጣሳ ሙሉ አይብ ይዘውልኝ ከች አሉ። ወተቱ ከጎረቤት ግዛት ከፔንስልቬንያ፣ እንደ ድሮው ዘመን ከሚኖሩት ከአሚሾቹ ገበሬዎች እርሻ ነው፤ ያልፈላ፣ «ልክ እንደ አገር ቤቱ»። ሜሪላንድ ውስጥ ጥሬ ወተት በሱቅ አይሸጥም፤ ፔንስልቬንያ ግን ፈቃድ ያለው ገበሬ ይሸጣል። በሁለት ቀን በማንኪያ ጨረስኩት። አሁንም ሳስበው ምራቄ ይመጣል።

በሳምንቱ ክትትል ነበረኝ። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ ነርሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ይተረጉማል። «ለስላሳ ቺዝ ትበያለሽ? ብሪ? ካማምቤር? ፌታ?»

«ኧረ በፍጹም!» አልኩ። ብሪ የሚባለውን በዓይኔም አላውቀው። ለኛ ቺዝ ማለት ፒዛ ላይ የሚለጠጠው አይደል? አይብ ደግሞ አይብ ነው።

መኪና ውስጥ ሆኜ ነርሷ የሰጠችኝን፣ ነፍሰ ጡር የማትበላቸው ምግቦች የተዘረዘሩበትን ወረቀት ሳገላብጥ «ኬሶ ፍሬስኮ» የሚል አየሁ። ከሥሩ ደግሞ «ካልፈላ ወተት የተሠራ» ይላል። እጄ ቀዘቀዘ። ያ ጣሳ!

እዚያው ቆሜ ደወልኩ። ነርሷ አልተቆጣችም። ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ እንዳለ፣ ፍሪጅ ውስጥም እንደሚራባ፣ ነፍሰ ጡር ሴትን ከሌላው ሰው 10 እጥፍ ያህል እንደሚያጠቃ፣ እናቲቱን እንደ ጉንፋን ነካ አድርጓት ጽንሱን ግን ሊያሳጣት እንደሚችል አስረዳችኝ። ምልክት ከሌለ ምርመራ አያስፈልግም፤ ትኩሳት ወይም ቁርጥማት ከመጣ ግን ቀንም ሆነ ሌሊት ቶሎ መምጣት ነው። ምልክቱ እስከ 70 ቀን ሊዘገይ ይችላል። 70!

ለእማዬ ብነግራት «አራታችሁንም አይብ እየበላሁ አይደል የወለድኩት? አሬራው እኮ እሳት ላይ ይወጣል!» አለች። ልክ ናት፣ ይወጣል። ግን አይብ የሚያወጣ ሰው ያውቀዋል፤ አሬራው ለብ እያለ ቀስ ብሎ ነው የሚረጋው፤ እሳቱ ከበዛበት እንደ ጎማ ይደርቃል። ያቺ ለብታ ባክቴሪያውን ለመግደል አትተማመኑባት። ይህን ስነግራት ዝም አለች፤ ዝም ማለቷ ከቁጣዋ ይልቅ አስፈራኝ።

አምሮቱ ግን ጨርሶ አልለቀቀኝም። «ፓስቸራይዝድ» (ጀርሙ በሙቀት የተገደለ) የሚል የተጻፈበት አንድ ጋሎን ወተት ገዛሁ፣ እስኪንተከተክ አፈላሁት፣ ሎሚ ጨመቅሁበት። ወዲያው ተቆራረጠ፤ አጓቱ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ተለየ። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ አጥልዬ፣ ቧንቧው ላይ አንጠልጥዬ ጠብታውን ስቆጥር አመሸሁ። ትኩሱን፣ በዚያው ማታ፣ ከጎመን ጋር በላሁት። የወይራ ጭስ የለውም፣ እርሾ እርሾም አይልም፤ እውነቱን ለመናገር የአይብ ታናሽ ወንድም ነው። ግን አፌ ውስጥ ፍርፍር አለ፤ ይበቃኛል።

ለእትዬ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ገና አላወቅሁም። የወደዱኝን ሴትዮ «ልጄን ሊገድሉብኝ ነበር» አይባል ነገር። ጣሳቸውን አጥቤ፣ ከራሴ አይብ ሞልቼ መለስኩላቸው። ቀምሰው «ወተቱ ፈልቷል እንዴ?» አሉኝ።

ፍሪጁ ላይ ከተለጠፈው ካሌንደር ጣሳውን ከጨረስኩበት ቀን 70 ቆጥሬ አንዱን ቀን በቀይ ከበብኩት። ባለቤቴ አይቶ «የመውለጃሽ ቀን ነው?» ሲለኝ፣

«አይደለም፤ የአይቡ ነው» አልኩት።