ግማሽ ቀኔን የበላችው የትናንቷ ወረፋ

ዛሬ ከጠዋት እስከ ምሳ አንድ መስመር ኮድ ላይ እንዳፈጠጥኩ ዋልኩ። ሁለት ፕሮግራሞች አሉኝ፤ አንዱ ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል፤ መሀላቸው ሊኑክስ ላይ የከፈትኳት፣ የተላከውን እስኪወሰድ የምትይዝ የመልእክት ወረፋ፣ ሜሴጅ ኪው፣ አለች።

ትናንት ስፈጥራት የአንድ መልእክት ጣሪያ 256 ባይት ነበር። አነሰኝና ዛሬ ኮዱ ላይ 1024 አደረግኩት። ኮምፓይል፣ ራን... "መልእክቱ ረዝሟል"! 600 ባይት እኮ ነው የላክኩት! ቁጥሩን አስር ጊዜ አየሁት፤ 1024 ነው።

አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ የቡና ስኒውን እንደያዘ መጣና "እስቲ ዴቭ (/dev) ውስጥ ኤምኪው (mqueue) የሚለውን ፎልደር እየው" አለኝ። የትናንቷ ወረፋ ቁጭ ብላለች! ለካ ፕሮግራሙ ቢዘጋም እሷ አትሞትም፤ አንሊንክ በሚለው ትእዛዝ ካላጠፋሃት ወይ ማሽኑ ሪስታርት ካልሆነ ትቆያለች። "ከሌለች ፍጠር" የሚለው አማራጭ፣ ኦ-ክሪየት፣ ደግሞ ካለች ያለችውን ዝም ብሎ ይከፍትልሃል፤ አዲሱን መጠን ዞር ብሎም አያየው። አንዲት ማስጠንቀቂያ ቢጽፍ ምን ነበረበት? (ኦ-ኤክስክል የሚለውን አማራጭ ብጨምር "አለች" ብሎ እምቢ ይለኝ ነበር። ስንፍና!)

አጠፋኋት፣ ሠራ። ልቤ አብጦ ወረፋዋ በአንዴ የምትይዘውን የመልእክት ብዛት 50 ላድርግ ብዬ፣ ይኼኔስ አስቀድሜ አጥፍቼ፣ ብሞክር "ልክ ያልሆነ ቁጥር" አለኝ። ተራ ተጠቃሚ ሲሆኑ የሊኑክስ የተለመደ ጣሪያ 10 ነው። እሱን በ5 ደቂቃ ደረስኩበት። ሽሮዬ ግን በረዶ ሆኖ ጠበቀኝ።