ትንፋሼ እስኪመለስ

ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መዋኘት እንደምወድ የሚሰማ ሰው አንድም ጀግንነቴን ያደንቃል፣ አንድም ጤንነቴን ይጠራጠራል። እኔ ግን ራሴን ልፈትን ወይም ከበሽታ ልፈወስ ብዬ ገብቼ አላውቅም፤ የምገባው ደስ ስለሚለኝ ነው፣ የደስታውም ትልቁ ክፍል ያለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሆነ ውሃ ቆዳን በድንገት ሲያገኘው ትንፋሽ ያለ ፈቃድ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ከዚያም ደረት የሌላ ሰው የሆነ ይመስል ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ልብም ይሮጣል። ይህ የቆዳ ነርቮች ለቅዝቃዜው የሚሰጡት ምላሽ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ገደማ በርትቶ ከዚያ በራሱ ጊዜ ጋብ ይላል። በዚያች ቅጽበት አፍ ከውሃ በታች ከሆነ የሚሳበው አየር ሳይሆን ውሃ ነው፤ ስለዚህ ዘልሎ መግባትን ለሚወዱት ትቼ በእግሬ ቀስ ብዬ እገባለሁ። ቁርጭምጭሚት ያማል፣ ጉልበት ይቻላል፣ ሆዴ ላይ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ የመመለሻ ሰበብ እፈልጋለሁ። ውሃው ትከሻዬን ከሸፈነው በኋላም ወዲያው አልዋኝም፤ ቆሜ አየሩን በረጅሙ ለማስወጣት እታገላለሁ። የመጀመሪያው ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ሁለተኛው ይንቀጠቀጣል፤ በስንተኛው እንደሆነ ቆጥሬ አላውቅም እንጂ አንዱ ላይ ትንፋሼ ሙሉ ሆኖ ይመለስልኛል። ከእሱ ጋር የውሃው ሽታና የሞገዱ ድምፅ ይመለሳሉ፣ ቆዳዬን ሲወጋ የነበረው መርፌም ወደ ሙቀት የተለወጠ ይመስለኛል። ከቤት ይዤው የመጣሁት ሐሳብ የት እንደገባ አላውቅም፤ መተንፈስ ብቻውን ሙሉ ሥራ በሆነበት ጊዜ ለሌላ ነገር ቦታ አልነበረምና።

ሰውነት መልመዱ አይቀርም። አምስት ስድስት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ የገባ ሰው ያ ድንጋጤ እንደቀነሰለት ያስተውላል፤ ለደኅንነት መልካም ነው፣ እኔ ግን የመጀመሪያ ቀኖቼን ጥቂት እናፍቃለሁ።

መጥለቅ ሌላ ደስታ አለው። ክረምታቸው በሚበርድ አገሮች ባሉ ጥልቅ ሐይቆች፣ በሞቃት ወራት ፀሐይ ያሞቀው ቀላል ውሃ ከላይ ይሆናል፤ ጨው አልባ ውሃ እጅግ የሚከብደው 4 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ስለሆነ ቀዝቃዛው ከታች ይተኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር አንዳንዴ እጅግ ስለታም በመሆኑ፣ ወደ ታች ስጠልቅ እጄ ብርዱ ውስጥ ገብቶ እግሬ ገና ሙቀቱ ውስጥ የሚቆይበት ቅጽበት አለ። ፊት ቀዝቃዛ ውሃ ነክቶት ትንፋሽ ሲያዝ ደግሞ፣ በዓሣ ነባሪዎች ላይ እንደሚታየው ሁሉ፣ የልብ ምት ይዘገያል። የመጀመሪያው ድንጋጤ ልብን ሲያስሮጥ ይህኛው ስለሚያዘገየው፣ ሁለቱ ትእዛዞች ተጋጭተው የልብን ምት እንዳያዛቡ ትንፋሼ ሳይረጋ አልጠልቅም። ከመጥለቅ በፊት ደጋግሞ በኃይል መተንፈስም ኦክስጅን አያከማችም፤ ተንፍስ እያለ የሚያስጠነቅቀንን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣና ሰው ሳያውቀው ከውሃ በታች ራሱን እንዲስት ያደርጋል። ብቻዬን የማልጠልቀውም ለዚህ ነው።

አይስላንድ ውስጥ ሲልፍራ የሚባል፣ የሰሜን አሜሪካና የዩራሺያ (የአውሮፓና የእስያ) የምድር ሰሌዳዎች፣ ማለትም የምድርን ቅርፊት የሚሠሩ ግዙፍ የአለት ክፍሎች፣ በሚለያዩበት የተከፈተ ስንጥቅ አለ። የሚሞላው ከበረዶ ግግር የቀለጠ ውሃ በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተጣርቶ ስለሚደርስ፣ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ በሆነው በዚያ ውሃ ውስጥ ጠላቂዎች ከ100 ሜትር በላይ ያያሉ። አንድ ቀን ውሃ የማያስገባ ልብስ ለብሼ ልገባበት እመኛለሁ፤ ምንም እንኳ በዚያ ልብስ ውስጥ ብርዱ ከፊትና ከእጅ በቀር ባይነካኝም።

ከውሃ ከወጣሁ በኋላ የሰውነቴ የውስጥ ሙቀት ለጥቂት ጊዜ መውረዱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ መንቀጥቀጡ የሚመጣው ተርፌያለሁ ብዬ ፎጣ ካነሳሁ በኋላ ነው። ያኔ ቆቤን አጥልቄ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ የሸሚዜን አንድ ቁልፍ በደነዘዙ ጣቶቼ ለመቆለፍ ለሦስተኛ ጊዜ እየሞከርኩ ብቻዬን እስቃለሁ።