ቀለሟ የጠፋባት ካርድ

ሰሞኑን የት ጠፋህ ላላችሁኝ፣ መልሱ ይኸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአንዲት ግራፊክስ ካርድ (የኮምፒውተሩን ምስል ወደ ስክሪን ከምትልክ ሰሌዳ) ጋር ስጨቃጨቅ ነበር።

ዕቃዋ ጂፎርስ 2 ኤምኤክስ 400 ናት። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣች፣ ኤጂፒ በሚባለው የድሮ የካርድ መሰኪያ ላይ የምትሰካ። አንድ መሥሪያ ቤት በሐራጅ ካስወገዳቸው ፔንቲየም 3 ኮምፒውተሮች በአንዱ ሆድ ውስጥ ነው ያገኘኋት። ለሞኒተር የሚሆን ቪጂኤ አላት። ከጎኑ ደግሞ ክብ፣ አራት ቀዳዳ ያለው የኤስ-ቪዲዮ መውጫ፣ ምስል ወደ ቴሌቪዥን የሚልከው። ያቺን ክብ ነገር ሳይ ልቤ ከጀለ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ጀርባው እንደ ጎታ የወፈረ የድሮ ቴሌቪዥን አለ። እናቴ ዳንቴል አልብሳው ለጌጥ ተቀምጧል። በእሱ ላይ ከታናሽ ወንድሜ ጋር የድሮ ጌም ልንጫወት ተስማማን።

መጀመሪያ ምንም አልመጣም። ሞኒተሩ ላይ ዊንዶውስ ኤክስፒ አምሮበት ይታያል፤ ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ብቻ። ሁለት ቀን ድራይቨር (ካርዷን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ሳጠፋና ስጭን ከረምኩ። ነገሩ ሌላ ነው። ካርዷ ቴሌቪዥን መሰካቱን የምታጣራው ኮምፒውተሩ ሲነሣ ነው። በገመዱ ወዲያኛው ጫፍ 75 ኦም ያህል ሬዚስታንስ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ እንቅፋት፣ መኖሩን ታያለች። ካጣችው ቴሌቪዥን የለም ብላ ትተዋለች። እኔ ደግሞ ሁሉን አስነሥቼ ስጨርስ ነበር ገመዱን የምሰካው! ሞኒተሩን ነቅዬ፣ ቴሌቪዥኑን ብቻ ሰክቼ ሳስነሣው ገና ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምሮ ቴሌቪዥኑ ላይ መጣ።

መጣ ስል ግን ይሽከረከራል። ምስሉ ከታች ወደ ላይ እየሮጠ፣ ጥቁርና ነጭ ሆኖ። ይሄ ቀላል ነበር፤ ካርዷ ኤንቲኤስሲ በሚባለው የአሜሪካኖቹ የቴሌቪዥን ምልክት ሥርዓት ነው የምትልከው፤ 525 መስመር፣ በሰከንድ 60 ገደማ ግማሽ ምስል። እኛ አገር ፓል ነው፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 50። ኤክስፒ ውስጥ ገብቼ ፓል ቢ የሚለውን መረጥኩ። ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ቀለም ግን የለም። ወንድሜ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ፣ «ይሄ የጃንሆይ ጊዜ ነው እንዴ?» አለኝ። ብዙም አልተሳሳተም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ወደ ቀለም የገባው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከጃንሆይ በኋላ ማለት ነው።

እውነተኛው ሥራ የጀመረው እዚህ ነው።

ኤስ-ቪዲዮ ምስሉን በሁለት ሽቦ ከፍሎ ይልካል። በአንዱ ብርሃኑን፣ ማለትም ጥቁርና ነጩን ምስል። በሌላው ቀለሙን ብቻ። ሌሎቹ ሁለት ፒኖች መሬት ናቸው። የእኛ ቴሌቪዥን ደግሞ ያለው ሁለቱንም ተቀላቅለው የሚቀበል ቢጫ ጃክ ብቻ ነው። ከገበያ የገዛኋትን ማገናኛ ገመድ በምላጭ ቀድጄ ሳያት የብርሃኑን ሽቦ ብቻ ነው ቢጫው ላይ ያሰረችው። የቀለሙ ሽቦ እዚያው ተቆርጦ ቀርቷል። አንዳንድ ካርድ ኮምፖዚት የሚለውን ሲመርጡለት የተቀላቀለውን በብርሃኑ ፒን በኩል ይልካል፤ ለእሱ እንዲህ ያለ ገመድ ይበቃዋል። የእኔዋ ላይ ሞከርኩት፤ ወይ ፍንክች።

መፍትሔው የታወቀ ነው። የቀለሙን ሽቦ በ470 ፒኮፋራድ ካፓሲተር (ፈጣኑን የቀለም ምልክት በሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) አሳልፎ ከብርሃኑ ጋር ማገናኘት። ከተበላሸ ሬዲዮ አንድ አወጣሁ፣ በየድኩ፣ በፕላስተር ጠቀለልኩ፣ ሰካሁ። ጥቁርና ነጭ። እንዳለ ነው።

በዚህ ጊዜ ነው የሳትኩት። ገመዱን አስተካክያለሁ፣ ስለዚህ ጥፋቱ ቺፑ ነው አልኩ። በዚህ ካርድ ላይ የቴሌቪዥኑን ምልክት የምትሠራው ከዋናው ቺፕ የተለየች ትንሽ ቺፕ ናት። አጠገቧ ድግግሞሹን የሚመታላት ክሪስታል አለ። የቀለሙ ድግግሞሽ በፓል 4.43 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው፤ ክሪስታሉ ትንሽ ካፈነገጠ ቴሌቪዥኑ ቀለሙን መያዝ ያቅተዋል፣ ምስሉ ግን ይቀራል። ይሄን አንብቤ «ይኼው ነው!» ብዬ ክሪስታል ፍለጋ ከተማውን ዞርኩ። አላገኘሁም፤ ደግነቱ። በመሀል ጫፋቸው ያበጠ ሁለት ካፓሲተሮች አይቼ እነሱንም ቀየርኩ። የዚያ ዘመን ካፓሲተር በማበጥ የታወቀ ስለሆነ መቀየራቸው አይከፋም። ለቀለሙ ግን ምንም አልፈየደም።

አንድ ሳምንት እንዲህ አለፈ። ክረምት ስለሆነ መብራቱም ይሄዳል ይመጣል። አንድ ጊዜ የመበየጃ ካውያው ግሎ፣ የሚበየድበት ሊድ ሊቀልጥ ሲል ድርግም አለ። ጨለማ ውስጥ ካውያ ይዞ መቀመጥ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጣና በኩል የመጣው የትንኝ መንጋ ደግሞ የስልኬን መብራት አገኘ።

ሰፈራችን ቴሌቪዥን በመጠገን ያረጁ ሰውዬ አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ካርዷን ይዤ ሄድኩ። ገልበጥ አድርገው አዩና፣ «ቺፑን ተወው። እዚች መውጫዋ ላይ ለካህ ወይ ልጄ?» አሉኝ።

አልለካሁም።

ቢጫዋን ርካሽ ቴስተር አወጡ። 200 ኦም ላይ አደረጓት። አንዱን ጫፍ መሬት ላይ፣ ሌላውን የብርሃኑ ፒን ላይ። 75.6። «በል ቀለሙን ራስህ ንካ» አሉኝ። ነካሁ። ቴስተሯ 1 ብቻ ጽፋ ቆመች። እነዚህ ቴስተሮች ክፍት ሽቦ ሲያገኙ የሚጽፉት እሱን ነው። ሁለቱም መውጫዎች ከመሬት ጋር የታሰረ ባለ 75 ኦም ሬዚስተር አላቸው፤ ጤነኛ ቢሆን ሁለቱም ላይ ያው ቁጥር ይመጣ ነበር። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የምትለኩት ካርዱን ከኮምፒውተሩ አውጥታችሁ፣ የቴሌቪዥኑንም ገመድ ነቅላችሁ ነው። ቴሌቪዥኑም በበኩሉ 75 ኦም ስላለው አብሮ ከተለካ ቁጥሩ ግማሽ ይሆንና ያሳስታል።

ካርዷን ገልብጠን በስልክ ካሜራ አጉልተን አየን። በመውጫው አራተኛ ፒን፣ በቀለሙ፣ ዙሪያ ፀጉር የምታክል ጥቁር ቀለበት አለች። ብየዳው ተሰንጥቋል። ገመዱን ስሰካና ስነቅል፣ ከእኔም በፊት ሌሎች ሲያደርጉት፣ ፒኑ ተወዛውዞ ለቋል። ጣቴን ጫን ሳደርገው ቴስተሯ ላይ 75 ብቅ ይላል፤ ስለቀው ይጠፋል። ያን ጊዜ የሳቅኩት ሳቅ ጋሼን አስደነገጣቸው።

መበየዱ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። የድሮውን ሊድ መምጠጥ፣ በአልኮል ማጽዳት፣ ትንሽ ፍለክስ (ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት)፣ አዲስ ሊድ። በዚያው የኤጂፒውን ጥርስ በላጲስ አሸሁት። ጋሼ ሂሳብ አልቀበልም አሉ፤ የዘጌ ቡና ይዤ እመለሳለሁ ብያለሁ።

ነገሩን ከባድ ያደረገው ጥፋቱ ሁለት መሆኑ ነው። ገመዱም ቀለሙን ቆርጧል፣ ካርዷም ቆርጣለች። አንዱን ሳስተካክል ለውጥ ስላላየሁ ያስተካከልኩት ትክክል አይደለም ብዬ ደመደምኩ። ያቺ በቤት የሠራኋት ባለ 470 ገመድ ከመጀመሪያው ጤነኛ ነበረች፤ ተበሳጭቼ ቆሻሻ ውስጥ ጥያት፣ ከዚያ ፈልጌ ያወጣኋት እኔው ነኝ።

ማታ ሰካነው። ወንድሜ የመኪና ጌም ከፈተ። መኪናዋ ለካ ቀይ ናት! ሣሩም አረንጓዴ። ቀለሙ ትንሽ ፈዘዝ ይላል፤ በቀይና በአረንጓዴው ድንበር ላይ ነጠብጣቦች እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳሉ። ብርሃንና ቀለም አንድ ሽቦ ላይ ሲደባለቁ የሚመጣ ነው፤ በዚህ ጃክ አይጠፋም። ጽሑፍ በ800 በ600 ዓይን ያደክማል፣ በ640 በ480 ይነበባል።

የቀረኝ ጠርዙ ነው። የድሮ ቴሌቪዥን የምስሉን ዙሪያ ከፍሬሙ ውጭ ያስቀረዋል፤ ካርዷ ላይ ማጥበቢያ አለ ይባላል፣ እስካሁን አላገኘሁትም። ስታርት የሚለው ቁልፍ ከስክሪኑ በታች የሆነ ቦታ ነው ያለው። ወንድሜ ጌሙን ጨርሶ «እንዴት ነው የሚጠፋው?» ሲለኝ ማውዙን ወደ ታች ገፋ አድርገህ በግምት ጫን አልኩት። በሦስተኛው አገኘው።