«ሁለቱም ሠላሳ ነው»

ችግሩን ያመጣው ደብዳቤ የወጣው የውጭ አዳኞችን ከምናስተናግድበት ከሐዋሳው ቢሯችን ነው። ለደጋ አጋዘን (ኒያላ) አደን ፈቃድ ያገኙ ሁለት ስዊድናውያን እንግዶች «አገራችን ሙስ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን የምንጥልበት 6.5 በ55 ጥይት ይበቃል ወይ?» ብለው ጠየቁ። አለቃችን «ተራራ ነው፣ ከበድ ያለ ይሻላል። 30 ካሊበር ይዛችሁ ኑ» ብሎ መለሰላቸው። ያቺ መስመር እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች፤ ሁለት ስሕተት አለባትና።

የመጀመሪያው፣ 6.5ቱ ይበቃ ነበር። ወንድ ሙስ 400 እና 500 ኪሎ ይገባል፤ ትልቁ ወንድ ኒያላ ግን 300 ኪሎ ገደማ ነው። 6.5 በ55 በፈረንጆች 1894 ከተቀረጸ ወዲህ በስካንዲኔቪያ ስንትና ስንት ሙስ ጥሏል። የኖርዌይ ሕግ ለሙስ የሚጠይቀው፣ አረሩ 10 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በ100 ሜትር ላይ 2200 ጁል ነው። የ6.5ቱ 10.1 ግራም አረር በሴኮንድ 780 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ይህም ከአፈሙዙ ላይ ከ3000 ጁል በላይ ስለሆነ 100 ሜትር ሲደርስም ሕጉ ከሚጠይቀው በላይ ነው። በዚያ ላይ ሰደፉ ትከሻ አይደቃም። ሰው ለዓመታት የለመደውን ጠመንጃ አስጥሎ የሚራገጥ ማስያዝ፣ ቃታ ሲስብ ዓይኑን እንዲጨፍን ማስተማር ነው። ቆስሎ አስታ ቁጥቋጦ ውስጥ የገባ ኒያላ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። አረሩ ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ሳንባው ላይ ማረፍ አለበት፤ የካሊበሩ ትልቅነት ይህን አይተካም።

ሁለተኛው ስሕተት የባሰ ነው። «30» የአረሩ ውፍረት እንጂ የጥይት ስም አይደለም። 30-06ም 308ም 300 ማግነምም የሚባሉት የተለያዩ ጥይቶች አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው አረር ይተኩሳሉ። ቀለሃቸው ግን ይለያያል፦ የ308ቱ 51 ሚሊ ሜትር ሲሆን የ30-06ቱ 63 ነው። እንግዶቹ እንደታዘዙት «30» ይዘው መጡ። አንደኛው 30-06፣ ሌላው 308።

ቢሮው ለመዝገብ እንዲመች የሁለቱን ጥይት ደምሮ «30 ካሊበር፣ 80 ፍሬ» ብሎ ጻፈ። ወጣቱ ረዳታችን በወረቀቱ መሠረት ሁሉንም ከየካርቶኑ አውጥቶ አንድ የቆዳ ከረጢት ውስጥ ጨመረው። እሱን አልወቅሰውም፤ ወረቀቱ አንድ ናቸው ብሎታል።

ከሻሸመኔ ወደ ምሥራቅ ወጥተን፣ ኮፈሌን አልፈን፣ ከአደኑ በፊት ማነጣጠሪያ ለማስተካከል 100 ሜትር ላይ ወረቀት ተከልን። ባለ 30-06ቱ እንግዳ ሦስት ተኮሰ። ሦስቱም ከመዳፍ በማይሰፋ ቦታ ላይ አረፉ። ረዳቱ አራተኛውን ከከረጢቱ አውጥቶ ሲያቀብል፣ ዱካ ፈላጊያችን የሆኑት ሽማግሌ እጁን ያዙት። እንግሊዝኛ አያነቡም። መሬት ላይ የወደቀውን ባዶ ቀለህ አንሥተው ከጥይቷ ጎን አቆሙት።

«ልጄ፣ ይህቺ የዚህ እኅት አይደለችም።»

«አባባ፣ ሁለቱም ሠላሳ ነው። ወረቀቱ ላይ አለ።»

«ሠላሳው አፏ ነው። ቁመቷንስ ማን ለካት?»

ረዳቱ ወደ ወረቀቱ፣ ከዚያ ወደ ቀለሁ አየ። ልዩነቱ የጥፍር ስፋት ያህላል። እንግዳው ግርጌው ላይ የተቀረጸውን ሲያነብ ፊቱ አመድ መሰለ፤ መዝጊያውን ከፍቶ ጠመንጃውን ምንጣፍ ላይ አኖረው።

የ308 ጥይት በ30-06 በርሜል ውስጥ ይገባል፤ አደጋው እዚያ ላይ ነው። ተቃራኒው ቢሆን ረጅሙ ጥይት አጭሩ ማረፊያ ውስጥ አይገባምና መዝጊያው እምቢ ብሎ ያስጠነቅቅ ነበር። አጭሩ ግን ይገባል፣ መዝጊያውም ይዘጋል፣ መርፌው ከመታው ሊተኮስም ይችላል። ያኔ ቀለሁ ፊት ለፊቱ የሚደገፍበት ግድግዳ የለውም። ነሐሱ ወደ ባዶው ቦታ ያብጣል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ከተሰነጠቀ የጋለው ጋዝ በመዝጊያው በኩል ወደ ተኳሹ ዓይን ሊመጣ ይችላል። አረሩም የሚሄድበት አይታወቅም።

ከረጢቱን ምንጣፉ ላይ ገለበጥነው። ጥይቶቹን አንድ በአንድ በቁመትና በግርጌ ጽሑፍ ለየናቸው፤ ከተተኮሱት ሦስቱ ጋር 40 እና 40 ሆኑ። ረጅሞቹን ወደ ካርቶናቸው መልሰን ቀይ ፕላስተር ለጠፍንበት፣ ተመሳሳዩን ፕላስተር በ30-06ቱ ሰደፍ ላይም። የ308ቱ ሌላ መኪና ውስጥ ገባ። አደኑ ከዚያ በኋላ በደኅና አለቀ።

ሐዋሳ ተመልሰን ለአለቃችን ስንነግረው «ምን ሆነ ታዲያ? አልፈነዳም እኮ» አለ። ከዚያ ወዲህ ወሬው በቢሮው ሲነሣ ጥይት የደባለቁት እንግዶቹ ናቸው ይባላል። እንግዶቹ ጥይታቸውን በየካርቶኑ ለይተው ነው ያመጡት። ደብዳቤውም፣ «80 ፍሬ» የሚለው ወረቀትም ፋይል ውስጥ አሉ፤ ፊርማቸውም ይነበባል።

በቀደም ሌላ እንግዳ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ። ቅጻችን ላይ አሁንም ያለው «ካሊበር» የሚል አንድ ጠባብ ሣጥን ነው። ሣጥኑን ትቼ ኅዳጉ ላይ ጻፍኩ፦ 30-06 ስፕሪንግፊልድ፣ ቀለህ 63 ሚሊ ሜትር፣ አረር 11.7 ግራም፣ 40 ፍሬ፣ በርሜሉ ላይ ከተቀረጸው ጋር ይመሳከር።

አለቃችን «ይህ ሁሉ ለምን?» አለ። ሽማግሌው ከዚያ ቀን አስቀምጠው የሰጡኝን ሁለት ባዶ ቀለሆች ከመሳቢያ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቆምኩለት።