ዘማሪዎቹ የት አሉ?

ትናንት ማታ ለንደን፣ የእንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ጉስታቭ ሆልስት «ፕላኔቶች» የተባለው የኦርኬስትራ ሥራ እየቀረበ ነው። መጨረሻው ላይ የሴቶች ድምፅ መጣ። መድረኩ ላይ ግን አንዲት ዘማሪ የለችም። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት አንገታቸውን አስግገው ቢፈልጉ አጡ። «የት ናቸው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

ጎን ያለው ክፍል ውስጥ ናቸው! ሆልስት ራሱ ነው ኖታው ላይ ያዘዘው፤ በሩ መጀመሪያ ክፍት ይሁን፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይዘጋ ብሎ። ድምፁ መቼ እንዳበቃ አይያዝም። (በር ዘጊውም ሙዚቀኛ ነው እኮ፣ ደመወዙ ይታሰብበት።)

ሆልስት በሥራ ቀን ለንደን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ድርሰቱን የሚጽፈው በአብዛኛው እሁድና በዕረፍት ነው። ቀኝ እጁን ስለሚያመው ባልደረቦቹ ኖታውን በመጻፍ ያግዙት ነበር። ስንቱ አስተማሪ እሁድ ምን እየሠራ እንደሆነ ማን ያውቃል?

«ፕላኔቶች» በ1918 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ፣ ከዚያ የሆልስት ስም ገነነ። እሱ ግን ዝናው አልተመቸውም። ሰው ሌላውን ሥራውን ትቶ ይህንኑ ብቻ ድገምልን አለው።