የጆንያ መርፌው

ዛሬ ጅማ፣ ከአዌቱ ወንዝ ማዶ በጋሼ ለቅሶ ቤት ነበርኩ። «ሥራቸው ግን ምን ነበር?» ብሎ አንድ እንግዳ ቢጠይቅ ድንኳኑ ሙሉ አልተስማማም። «ቡና መጋዘን ጆንያ ሰፊ» አለ አንዱ። «ኧረ የጭነት መኪና ረዳት!» አለ ሌላው። አንዲት እናት ደግሞ «ለእኔ ጃንጥላ ጠጋኝ ናቸው» አሉ።

ሁሉም ልክ ናቸው። ቡና ሲደርስ ጋሼ 60 ኪሎ የሚይዘውን የቃጫ ጆንያ አፍ ይሰፋሉ፤ ቡናው ሲያልቅ መኪና ላይ ይወጣሉ፤ ክረምት ሲገባ (የጅማ ዝናብ መቼ ይጠገባል!) ጃንጥላ ይጠግናሉ። ከኮታቸው ኮሌታ ግን ያቺ ጎበጥ ያለች የጆንያ መርፌ፣ ሲባጎ እንደተጠመጠመባት፣ ዓመቱን ሙሉ አትጠፋም። የደብተር ቦርሳዬን ሁለት ጊዜ ሰፍተውልኛል። «ሂድ፣ ደወሉ እንዳያመልጥህ» ብለው ሳንቲሜን መልሰውልኛል።

መታወቂያቸው ላይ «የቀን ሠራተኛ» ይላል አሉ። የሰፈሩን ግማሽ የሰፋ ሰው በዚህች ቃል መጠራቱ አንጀቴን በላው።

ቀና ስል የእድሩ ድንኳን ጣሪያ ላይ ያ ወፍራም ስፌት አለ። «የእሳቸው እጅ ነው» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡት አባት።

ወዲያው ዝናቡ መጣ። በስፌቱ በኩል አንድ ጠብታ አልገባም።